መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ

ልጆቼ፣ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ዘመን ሁሉ ቫይረስ ካጠፋው ፋይል ይልቅ የጠጋኝ ጥድፊያ ያጠፋው ይበልጥ አንገብግቦኛል። ከጥድፈኞቹ አንዱ እኔ ነበርኩና።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ማሽኑን አመጣልኝ። ዋን ሃፍ የሚባለው ቫይረስ ገብቶበታል። ይህ ቫይረስ ቡት ሴክተሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበውን የዲስኩን ክፍል፣ ይይዝና ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ከዲስኩ መጨረሻ ጀምሮ ጥቂት ጥቂቱን ይቆልፋል። ባለቤቱ ፋይል ሲከፍት ግን ያው ቫይረስ እየፈታ ስለሚያቀብለው ምንም የጎደለ አይመስልም። እኔ ደግሞ በወጣትነት ኩራት አንዲት ትእዛዝ ጽፌ ቡት ሴክተሩን በንጹህ ኮድ ተካሁት። ቫይረሱ ጠፋ፤ የመፍቻ ቁልፉም አብሮት ጠፋ። ማሽኑ ሲነሳ የዲስኩ ብዙ ክፍል ትርጉም የሌለው ዝባዝንኬ ሆኖ ጠበቀን። ሰውየው አልተቆጣም። «ጠዋት እኮ ይከፈት ነበር» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ «ቫይረስ ገብቶበት ነበር፣ አሁን አልነሳ አለ» የተባለ ማሽን ሲመጣላችሁ ምንም ነገር አትጻፉበት። ተመልከቱት። የሚነሳው በደረጃ ነው፤ የቆመበት ቦታ ከማንኛውም የጥገና ፕሮግራም የበለጠ ይነግራችኋል።

ስክሪኑ ጨርሶ ካልበራ ቫይረሱን ለጊዜው ተዉት። የኃይል ገመዱን፣ ሚሞሪውን፣ የስክሪኑን ገመድ ፈትሹ። እርግጥ ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ ሚያዝያ 26 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የብዙ ማሽኖችን ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳውን በቺፕ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ደምስሶ ድርቅ አድርጓቸዋል፤ ግን እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፣ የላላ ሚሞሪ ደግሞ የየዕለት ነገር ነው።

የአምራቹ ምልክት ታይቶ «መነሻ ዲስክ አልተገኘም» ካለ፣ አስቀድማችሁ የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ እንደሆነ እዩ። አትሳቁ፤ በዚህ ብቻ የተፈቱ ማሽኖችን መቁጠር ትቻለሁ። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዲስኩ ስሙ መታየቱን አረጋግጡ። ካልታየ፣ ወይም ዲስኩ እየተንኳኳ የሚጮህ ከሆነ፣ ችግሩ የዕቃው ነው። ስሙ ከታየ ግን ጥርጣሬው ወደ ቡት ሴክተሩ ወይም ወደ መነሻ ክፍልፋዩ ይዞራል። በድሮው አሠራር ይህ ሴክተር 512 ባይት ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 64ቱ ባይት ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ ያዙለት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በጣም የሚያሳስተው ግን የዊንዶውስ ምልክት ከታየ በኋላ የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ነው። የካቲት 2010 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት አንድ የደኅንነት ማሻሻያ ለቀቀ፤ ብዙ የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽኖች ከዚያ በኋላ አልነሳ አሉ። ሰው ሁሉ ማሻሻያውን ረገመ። ሲጣራ ማሽኖቹ አሉሪዮን በተባለ ስውር ቫይረስ ተይዘው ኖረዋል። ቫይረሱ የዲስክ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም፣ ውስጥ ተቀምጦ የዊንዶውስን ልብ አድራሻው የማይቀየር አስመስሎ ይጠራ ነበር፤ ማሻሻያው አድራሻውን ሲያዛውረው ማሽኑ ተሰናከለ። ሰዉ ሳያውቅ ከበሽታው ጋር ሲሠራ ከርሞ ነበር ማለት ነው። የይለፍ ቃል ሲሰጡት ገብቶ ወዲያው መልሶ የሚያስወጣውም ማሽን የዚሁ ዘመድ ነው፤ ቫይረሱ የመግቢያውን ፕሮግራም በራሱ ፋይል ተክቶት ነበር፣ ፀረ ቫይረሱ ፋይሉን ሲሰርዘው መግቢያው ባዶ ቀረ። በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ (ሬጂስትሪ) ውስጥ የተነካው አንድ መስመር ሲስተካከል ማሽኑ ይገባል።

ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ የሚጠይቅ ሰማያዊ ገጽ ካያችሁ ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ዘራፊ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ ነው፤ በመነሻው ላይ ለውጥ ሲያይ ይጠረጥራል። ባለቤቱ ቁልፉን ያስቀመጠበትን ይፈልግ፤ ሳይፈልግ ፎርማት ማድረግ በር ተቆለፈ ብሎ ቤት ማቃጠል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ንጹህ መሆኑን በምታምኑት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የተባለው ሌላ ሥርዓት የሚነሳበት ፍላሽ አዘጋጁ፣ በእርሱ ተነሱ፣ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ክፈቱት። ዊንዶውስ በአግባቡ ስላልተዘጋ ለመጻፍ ከከፈታችሁት ልታበላሹት ትችላላችሁ። ሰነዱን፣ ፎቶውን፣ የሒሳብ መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ፤ ፕሮግራሞቹን ተዉአቸው። ይህ ሳያልቅ ቼክዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ አታስሩጡ። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ የመጨረሻ ትንፋሹን የሚወስደው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የዊንዶውስ ራስ ጥገናን ብትሞክሩ አልከለክልም፣ እኔ ግን ትዕግሥቱ የለኝም። የታከመ ማሽን አላምንም፤ ዲስኩን ደምስሼ ከነክፍልፋዩ እንደ አዲስ እጭናለሁ። በባዮስ ቺፕ ውስጥ ተደብቆ ይህንንም የሚያልፍ ቫይረስ አለ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታወቀው ሎጃክስ ለምሳሌ፤ በተራ ሰው ማሽን ላይ ግን እስከዛሬ አልገጠመኝም።

ከትዕግሥት ሕጌ የሚወጣ አንድ ነገር አለ። ማሽኑ በድንገት ራሱን አጥፍቶ ተነስቶ፣ ማንም ሳያዝዘው «ዲስክ እየመረመርኩ ነው» ካለ፣ ኃይሉን ወዲያው አቋርጡ። ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ ይህንን ገጽ አስመስሎ እያሳየ ከጀርባው የፋይሎቹን ማውጫ ይቆልፍ ነበር። ማሽኑ እውነተኛ ምርመራ ላይ ቢሆን እንኳ በማጥፋታችሁ የሚደርሰው ጉዳት ከዚያ ያነሰ ነው።

የይለፍ ቃሎቹን ባለቤቱ ከሌላ ማሽን ይቀይራቸው፤ ከኢሜሉ ይጀምር፣ የሌሎቹ ሁሉ መመለሻ በእርሱ በኩል ነውና። የተቀዱትን ፋይሎችም አዲሱ ማሽን ላይ ከመመለሳችሁ በፊት በፀረ ቫይረስ ፈትሿቸው። ያን ጊዜ ኪቦርዱ የእናንተ ነው።