መልስ፦ ልስን ከመግባቱ በፊት መስመርህን ጨርስ

ወንድሜ፣ «ቤቴ ልስን ሊገባ ነው። ከሰልና ጋዝ ትቼ ሁሉንም በመብራት ባደርግ፣ ወደፊትም የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ ነጠላ ፌዝ ይበቃኛል?» ብለሃል። ነጠላ ፌዝ ማለት መብራቱ በአንድ የኃይል ሽቦ ብቻ ቤትህ ሲገባ ነው፤ ባንዴ ለሁሉም አይበቃህም። ግን በጥሩ ሰዓት ነው የጠየቅከው።

እስቲ እናስላው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ቦይለር ሲጨመር ሌላ 1.5 ወይም 2 ኪሎዋት። ግድግዳ ላይ የሚገጠም የመኪና ቻርጀር ደግሞ 7 ኪሎዋት፣ ማለትም 32 አምፔር ይፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ እንጀራ እየተጋገረ፣ አንተ ሻወር ገብተህ፣ መኪናው ተሰክቶ ከሆነ ብሬከሩ መውረዱ አይቀርም። ከቻልክ ከአሁኑ ባለሶስት ፌዝ፣ ማለትም ጭነቱ በሶስት የኃይል ሽቦ የሚከፋፈልበትን፣ ጠይቅ። ካልሆነ መኪናውን ሌሊት፣ ምጣዱም ቦይለሩም ሲጠፉ ቻርጅ ታደርጋለህ።

ለምጣዱ ከቦርዱ የራሱን መስመር አውጣለት፣ በ4 ካሬ (4 ስኩዌር ሚሊሜትር) ሽቦ። እኛ ቤት በዲቫይደር ነበር የምንሰካው። አንድ ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ስናይ ሶኬቱ ቀልጦ ከፊሹ ጋር ተጣብቋል። ለመኪናው ደግሞ ሽቦውን አሁን ባትገዛም እስከ ማቆሚያው ድረስ ወፈር ያለ ባዶ ኮንዱት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ቅበር። በኋላ ሴራሚክ ከመፍለጥ ያድንሃል። የመሬት መስመሩን (የሾለከ መብራት ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ) ነገር ኤሌክትሪሺያኑ «ግድ የለም» ቢልህ እንዳትሰማው!

የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ከሰሉን መተውህ በእውነትም ጭሱን ይቀንሳል። የጋዝ ሲሊንደሩን ግን አትሽጠው። መብራት ሲጠፋ ቡና ማፍላቱ አይቀርም።