ከቀለሙ በፊት ታማሚውን ጠይቁት

ልጆች፣ ሕክምና የምትማሩም፣ ኤምአርአይ ክፍል ሥራ የጀመራችሁም፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከአንጎል ምስል ጋር ነውና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፈንክሽናል ኤምአርአይ የቋንቋን ቦታ ሲያሳይ ስክሪኑ ላይ የሚበራውን ቀለም ከማመናችሁ በፊት ታማሚው ማሽኑ ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደነበር እወቁ።

ዕጢው በአንጎል ግራ በኩል ሲሆን ቀዶ ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ማውጣቱ ብቻ አይደለም። ሰውየው ሲነቃ ያወራል ወይ? የልጁን ስም ይጠራል ወይ? ሐኪሞቹ ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ፣ ቬርኒከ ደግሞ በ1874 የጠቆሟቸውን የቋንቋ ቦታዎች ሁላችንም ሸምድደናል። እውነተኛ ሰው ግን እንደ መጽሐፉ ሥዕል አይደለም። ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙት 95 በመቶ ገደማ ቋንቋቸው በግራ ያመዝናል፤ ግራኞች ላይ ቁጥሩ ወደ 70 ይወርዳል። ዕጢ ቀስ ብሎ ሲያድግ ደግሞ የቋንቋው ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል። ለዚህ ነው የእያንዳንዱን ሰው ካርታ ለብቻው የምንሠራው።

ፈንክሽናል ኤምአርአይ ሐሳብን አያይም፣ የሚያየው ደምን ነው። የሚሠራ የአንጎል ክፍል ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ይመጣለታል፣ እሱም የሚታየው ሰከንዶች ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ታማሚው ሥዕል አይቶ ስሙን በልቡ ይላል፣ ወይም «ውሻ» ሲባል «ይጮኻል» ብሎ ግስ ያመጣል፣ ከዚያ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ትእዛዙ ካልገባው፣ ከፈራ፣ ካንቀላፋ ወይም ጭንቅላቱን ካነቃነቀ ምስሉ አይታመንም። ይቺን ደግሞ ያዙልኝ፤ ዕጢ አጠገብ የደም ዝውውሩ ስለሚዛባ፣ በደንብ የሚሠራ ቦታ ጭራሽ ሳይበራ ሊቀር ይችላል። ስላልበራ ብቻ ይቆረጥ አይባልም።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የምትሠሩ ደግሞ አማርኛ አፉን የፈታበት ታማሚ ይመጣላችኋል። እንግሊዝኛው ለሥራ ስለበቃው ብቻ በእንግሊዝኛ ፈትናችሁ አትሸኙት። ተመራማሪዎቹ ኦጀማንና ዊታከር እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ ሁለት ቋንቋ በሚናገር ሰው አንጎል ላይ አንዳንዱ ነጥብ በኤሌክትሪክ ሲነካ የሚደናቀፈው በዋናነት አንዱ ቋንቋ ነው። በሁለቱም ፈትኑት። «በኤፍ የሚጀምር ቃል አምጣ» የሚለውን ፈተና እንዳለ ተርጉማችሁ አትስጡት፤ ሥዕሎቹም የሚያውቃቸው ይሁኑ፣ ጀበና፣ አህያ፣ መጥረጊያ። ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁጭ አድርጋችሁ አለማምዱት። አስተርጓሚም ቀድማችሁ ጥሩ እንጂ፣ እያለቀሰ ያለ ልጁን አታስተርጉሙት፣ እባካችሁ።

ምስሉ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ፔንፊልድ ሞንትሪያል ላይ እንዳደረገው፣ ዛሬም በቀዶ ሕክምናው መሀል ታማሚው ነቅቶ እያወራ ቦታው በትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈተሻል፤ የእናንተ ምስል ከየት እንደሚጀመርና የት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ በየትኛው ቋንቋ እንደተፈተነ፣ የትኛውን ሥራ በትክክል እንደሠራና የትኛው ላይ እንደደከመው ጻፉ። ቀዶ ሐኪሙ ጋም ደውላችሁ ንገሩት፤ ወረቀቱን ሳያነብ ሊገባ ይችላል።