የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኪቶን ከታች ወደ ላይ

ስለ ኢኳዶር ዋና ከተማ ስለ ኪቶ ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለስብሰባ ወደ ኪቶ እሄዳለሁ፤ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነጻ ቀናት አሉኝ። አብረውኝ የሚጓዙት ባልደረቦቼ በገባንበት ዕለት በኬብል መኪና ወደ ፒቺንቻ ተራራ ወጥተን ከተማዋን ከላይ እንያት ይላሉ። እናንተስ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ቀኑ ግን አይደለም። ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ደረጃ ሲወጡ እንኳ ትንፋሽ ሊያጥርዎት፣ ራስዎን ሊያምዎት፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ እምቢ ሊልዎት ይችላል። በከተማዋ ቴሌፌሪኮ የሚባለው ኬብል መኪና ደግሞ ከ3,100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 3,950 ሜትር ገደማ ያደርስዎታል። ሰውነት ከስሱ አየር ጋር ሳይላመድ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሽቅብ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከላይ የሚያስታውሰው መልክዓ ምድሩን ሳይሆን ራስ ምታቱን ነው። ስለዚህ ኪቶን ከታች ወደ ላይ እንድትጎበኙ እመክራለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ለአሮጌው ከተማ ስጡት። መነሻችሁ ፕላሳ ግራንዴ፣ በመደበኛ ስሙ የነጻነት አደባባይ፣ ይሁን። በአንድ ወገን የፕሬዚዳንቱ ካሮንዴሌት ቤተ መንግሥት፣ በሌሎቹ ወገኖች ካቴድራሉ፣ የሊቀ ጳጳሱ ሕንፃና ማዘጋጃ ቤቱ ከበውታል፤ መካከል ላይ ያለው ሐውልት ደግሞ ነሐሴ 10 ቀን 1809 በስፔን አገዛዝ ላይ ለተነሡት አርበኞች የቆመ ነው። በካቴድራሉ ውስጥ የጄኔራል አንቶኒዮ ሆሴ ዴ ሱክሬ መቃብር አለ። ሱክሬ ግንቦት 24 ቀን 1822 የስፔንን ጦር ድል የመታው እናንተ በሦስተኛው ቀን በምትወጡበት በፒቺንቻ ተዳፋት ላይ ነበር፤ መቃብሩን አስቀድሞ አይቶ ተራራውን በኋላ ማየት ታሪኩን በትክክለኛው ክብደት ለመረዳት ይጠቅማል። በ1875 ፕሬዚዳንት ጋብሪኤል ጋርሲያ ሞሬኖ በገዛ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ በገጀራ ተመትቶ የወደቀውም በዚሁ አደባባይ ነው።

ሁለተኛውን ቀን ከፍ ከፍ በማለት ጀምሩ። ባሲሊካ ዴል ቮቶ ናሲዮናል የሚባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1892 ነው፤ በ1985 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ባርከውታል፤ ዛሬም ግን አለቀ አይባልም፤ ያለቀ ዕለት የዓለም ፍጻሜ ይሆናል የሚል የቆየ አባባል በከተማዋ አለ። አሠራሩ የአውሮፓን ጎቲክ የተከተለ ቢሆንም ቀና ብላችሁ የዝናብ ውኃ ማውረጃ አሽንዳዎቹን ብታዩ፣ በአውሮፓ የተለመዱት አስፈሪ ጭራቆች በቦታቸው የሉም፤ በምትካቸው ከግድግዳው አንገታቸውን ያሰገጉት ኤሊዎች፣ ኢጓናዎች፣ አርማዲሎዎችና ሌሎች የኢኳዶር እንስሳት ናቸው። ወደ ማማዎቹ የሚወስደው መንገድ ከጣሪያው በታች በተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ያልፋል። ሳንቃው ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፤ በግራና በቀኝ የሚታየው ከታች ሆነው ያደነቁት የድንጋይ ጣሪያ ጀርባው ነው። ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ይጠብቃል። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ከመተላለፊያው ቢመለስ ምንም አይቀርበትም።

ከሰዓት በኋላ ክንፍ ያላት የእመቤታችን ሐውልት ወደቆመችበት ወደ ኤል ፓኔሲዮ ኮረብታ ውጡ፤ ነገር ግን በእግር አይደለም። በኮረብታው ወገብ ባሉት ደረጃዎች ላይ ጎብኚዎች እንደሚዘረፉ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ስለሚታወቅ፣ በታክሲ ወጥታችሁ ያው ታክሲ እንዲጠብቃችሁ አድርጉ። ቴሌፌሪኮው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይሁን። በኪቶ ሰማዩ በአብዛኛው ጠዋት ይጠራና ከቀትር በኋላ ይደፈናል፤ ጥርት ባለ ጠዋት 5,897 ሜትር ከፍታ ያለው ኮቶፓክሲ በረዶውን ተከናንቦ በግልጽ ይታያል። ወፍራም ልብስ ያዙ፤ ብርዱ ግን አያታልላችሁ፤ በዚያ ከፍታና በምድር ወገብ ላይ ፀሐዩ ቆዳን ፈጥኖ ስለሚያቃጥል ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት የግድ ነው።

ጥያቄ፦ የአሮጌው ኪቶ ካርታ በአብያተ ክርስቲያናት የተሞላ ነው። ሁሉንም የማየት ጊዜም ትዕግሥትም የለኝም፤ ሁለት ብቻ ብመርጥ የትኞቹን ላስቀድም? የሚታየውስ ወርቁ ብቻ ነው?

መልስ፦ ላ ኮምፓኒያንና ሳን ፍራንሲስኮን ያስቀድሙ። ሁለቱ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ብቻ ነው የሚለያያቸው፤ ቢሆንም ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት ይመድቡ። እኔ አምስት ቤተ ክርስቲያን በሩጫ ከማየት በሁለቱ ውስጥ በጸጥታ መቀመጥ ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ላ ኮምፓኒያን ኢየሱሳውያን መነኮሳት በ1605 ጀምረውት የተጠናቀቀው በ1765፣ ማለትም ከ160 ዓመት በኋላ ነው። አሳዛኙ ነገር የስፔን ንጉሥ ማኅበሩን ከግዛቶቹ ሁሉ ያባረረው በ1767 መሆኑ ነው፤ ትውልድ ተተክቶ ትውልድ የደከመበትን ቤት ተጠናቆ ያዩት ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ፊት ለፊቱ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ግራጫ ድንጋይ የተጠረበ ሲሆን፣ እንደ ገመድ የተጠመዘዙት ዓምዶቹ ከሩቅ ይታወቃሉ። በሩን አልፈው ሲገቡ ግድግዳውም ጣሪያውም በስስ ወርቅ ተለብጦ ያገኙታል። መልሴም እዚህ ላይ ነው፦ ወርቁ ዐይን ይስባል፤ ሊታይ የሚገባው ግን ከወርቁ በታች ያለው የእጅ ሥራ ነው። በቀይ መደብ ላይ እየተጠላለፉ የሚሄዱት ቅርጾች ስፔናውያን ሙሮች ከሚባሉት፣ ስፔንን ገዝተው ከነበሩት የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች የወረሱት ጥበብ ሲሆኑ፣ እንጨቱን የፈለፈሉት እጆች ግን በአብዛኛው የአገሬው ተወላጆችና የክልሶች እጆች ነበሩ። ከገቡ በኋላ ወደ በሩ ዞር ብለው ይመልከቱ፤ በአንደኛው ወገን ወደ መዘምራኑ ሰገነት የሚያወጣ ጠምዛዛ ደረጃ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ እርሱኑ የሚመስል ሁለተኛ ደረጃ ይታያል። ቀርበው ሲያዩት ግን ደረጃ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች እንዲመጣጠኑ ተብሎ በግድግዳው ላይ የተሣለ ሥዕል ነው። በ1996 የተነሣ እሳት ሕንፃውን ክፉኛ ጎድቶት ስለነበር ዛሬ የምናየው ውበት የጠጋኞቹም ድካም ጭምር ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ከዚህ የቀደመ ነው፤ ኪቶ በ1534 በስፔናውያን እጅ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ተጀምሯል። የገዳሙ መሥራች፣ ፍሌሚሹ (ከዛሬዋ ቤልጂየም የመጣው) መነኩሴ ሆዶኮ ሪኬ በከተማዋ የመጀመሪያውን ስንዴ እንደዘራ ይነገርለታል። ከሰፊው አደባባይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ክብ ደረጃ ሲረግጡ ስለ ካንቱኛ የሚነገረውን አፈ ታሪክ ያስታውሱ። ካንቱኛ የሚባለው የአገሬው ተወላጅ ግንበኛ የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም በተባለለት ቀን ማድረስ ስላቃተው ሰይጣን ቢጨርስለት ነፍሱን ሊሰጠው ተዋዋለ ይባላል፤ አጋንንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲገነቡ አድረው ጎሕ ሲቀድ አንዲት ድንጋይ ጎደለች፤ ውሉም ፈረሰ፤ ካንቱኛም ዳነ። የኪቶ ልጆች ይህን ታሪክ ሳይሰሙ አያድጉም።

በውስጡ በዋናው መንበር ላይ ያለችው የበርናርዶ ዴ ሌጋርዳ የእንጨት ሐውልት በ1734 የተሠራች ናት። እመቤታችንን በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው ባለ ክንፍ አድርጎ፣ ዘንዶውን እየረገጠች፣ ለመደነስ የተነሣች ይመስል ወገቧን ዘወር አድርጎ ቀርጿታል። በፓኔሲዮ ላይ የቆመችው ግዙፍ ሐውልት የዚህችው ቅጂ ናት፤ ስፔናዊው አጉስቲን ዴ ላ ኤራን ማቶራስ 7,000 የአሉሚኒየም ቁራጮችን አገጣጥሞ በ1970ዎቹ አቁሟታል። ለእኔ ትንሿ ትበልጥብኛለች። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ኪቶን ከእነዚያ ጋር የጨመረው እንዲህ ባለ ሀብት ምክንያት ነው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም የሰፈሩት በዚያው ዓመት በዚያው መዝገብ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በምድር ወገብ መስመር ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት እፈልጋለሁ። ሐውልቱ በትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም የሚባለው እውነት ነው? ውኃ በሰሜንና በደቡብ በተለያየ አቅጣጫ ይዞራል የሚባለውስ?

መልስ፦ ስለ ሐውልቱ የሰሙት እውነት ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘውና ሚታድ ዴል ሙንዶ፣ የዓለም አጋማሽ፣ የሚባለው 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሐውልት የቆመበት ቦታ በዘመናዊ የሳተላይት ልኬት ሲታይ ከእውነተኛው መስመር 240 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ያፈነገጠ ነው። ይህ ግን ጉብኝቱን ከንቱ አያደርገውም። በ1736 ላ ኮንዳሚን፣ ቡጌና ጎዳን የሚባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት ከሁለት ስፔናውያን መኮንኖች ጋር ወደ ኪቶ የመጡት ምድር በወገቧ ትሰፋለች ወይስ በዋልታዎቿ ትረዝማለች የሚለውን ክርክር ለመፍታት ነበር፤ በአንዲስ ተራሮች ላይ ለዓመታት ተንከራተው የአንድ ዲግሪ ኬክሮስን ርዝመት ለኩ። በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ወዳለው ወደ ላፕላንድ የሄደው ሌላው ጓድ ካመጣው ልኬት ጋር ሲነጻጸር፣ ኒውተን እንዳለው ምድር በወገቧ ሰፋ፣ በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች መሆኗ ተረጋገጠ። አገሪቱም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ መስመር ነው።

የውኃውን ትርኢት በተመለከተ ግን አይታለሉ። በሐውልቱ አካባቢ አስጎብኚዎች ገንዳውን ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ጥቂት እርምጃ እያንቀሳቀሱ ውኃው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሲዞር ያሳያሉ። ምድር በመዞሯ የሚመጣው ኃይል አውሎ ነፋስን ያዞራል እንጂ በአንድ ገንዳ ውኃ ላይ የሚታይ ጉልበት የለውም፤ በምድር ወገብ አጠገብ ደግሞ እጅግ ይደክማል። የውኃውን አዟዟር የሚወስነው ወደ ገንዳው የተጨመረበት አኳኋን ነው። አስጎብኚዎቹ በመስመሩ ላይ ብቻ ይቻላል እያሉ የሚያሳዩት እንቁላልን በምስማር ራስ ላይ ማቆምም በየትኛውም አገር ትዕግሥት ላለው ሰው ይቻላል።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ገንዘብ ልያዝ? በከተማዋ ውስጥስ በምን ልጓዝ?

መልስ፦ ኢኳዶር በ2000 ሱክሬ የሚባለውን ገንዘቧን ትታ በአሜሪካ ዶላር ስለምትገበያይ የሚመነዝሩት ነገር የለም፤ ሳንቲሞቹ ብቻ አንዳንዶቹ በአገሪቱ ስም የተቀረጹ ናቸው። ትናንሽ ሱቆችና ታክሲዎች የ50 እና የ100 ዶላር ኖት ስለማይቀበሉ ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። ለጉዞው በ2023 መጨረሻ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ሜትሮ አለ፤ 15 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን አንደኛው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ስለሆነ ወደ አሮጌው ከተማ ለመግባት ከእርሱ የተሻለ መንገድ የለም። ቀኑን ሲጨርሱ ከዚያው በእግር ወደ ላ ሮንዳ ይውረዱ፤ ጠባብ፣ በድንጋይ የተነጠፈች የቆየች ጎዳና ናት፤ ሲመሽ በየደጃፉ ካኔላሶ የሚባል ቀረፋ የተፈላበት ትኩስ መጠጥ ይሸጣል። አረቄ ስላለበት፣ ከፍታውን ገና ካልለመዱት አንዲት ብርጭቆ ትበቃለች።