ሥራን ሳያቋርጡ በቴሌኮሙኒኬሽን ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ መማር

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው በአንድ የቴሌኮም ኩባንያ የሬዲዮ ኔትወርክ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬን ሳልለቅ በቴሌኮሙኒኬሽን ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቤ ነበር፤ ባልደረቦቼ ግን መሣሪያ አቅራቢዎቹ የሚሰጡት የሙያ ሰርተፍኬት ይሻልሃል ይሉኛል። ሒሳቡንም ረስቼዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ባልደረቦችዎ የሚሉት መሠረት የሌለው አይደለም። ፍላጎትዎ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣ የዕድገት መደብ ላይ መወዳደር ብቻ ከሆነ፣ የሁዋዌ፣ የኤሪክሰን ወይም የኖኪያ ሰርተፍኬት በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ድካም ያደርስዎታል። ሆኖም ሰርተፍኬቱ የሚያስተምረው በአብዛኛው የአንድን አምራች መሣሪያ አሠራርና አያያዝ ነው፤ መሣሪያው ሲቀየር የእውቀቱም ዋጋ ይቀንሳል። ሁለተኛ ዲግሪ በሚገባ ከተማሩት የሚሰጠው፣ አንድ ውሳኔ ለምን ትክክል ወይም ስህተት እንደሆነ በራስ ስሌት የማረጋገጥ ችሎታ ነው።

ከራስዎ ሥራ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ 20 ሜጋኸርዝ የድግግሞሽ ስፋት ያለውና የሲግናሉ ኃይል ከኖይዙ (ሲግናሉን ከሚረብሸው ሁከት) 100 እጥፍ የሆነበት ቻናል (የመገናኛ መስመር) ቢበዛ በሰከንድ 133 ሜጋቢት ያህል ሊያስተላልፍ ይችላል። የማሰራጫውን ኃይል በእጥፍ ብናሳድገው ጣሪያው ከፍ የሚለው ወደ 153 ብቻ ነው። ኃይሉን ሳንጨምር ስፋቱን ወደ 40 ሜጋኸርዝ ብናደርሰው ግን፣ ከስፋቱ ጋር ኖይዙም በእጥፍ ጨምሮ እንኳ፣ ወደ 227 ይደርሳል። የስፔክትረም (የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ) ፈቃድ ይህን ያህል የሚፈለገው ለምን እንደሆነ ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል። በአገራችን የዘርፉ ተቆጣጣሪ የሆነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በስሌት አስደግፎ የሚመልስ መሐንዲስ በኩባንያዎቹም በተቆጣጣሪውም ዘንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ረዘም ያለ የሙያ ጉዞ ካሰቡ ዲግሪውን እንዲማሩ እንመክራለን።

ሒሳቡን ረስቼዋለሁ ያሉት በቀላሉ መታለፍ የለበትም። እየሠራ የሚማርን ሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚያስጨንቀው የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ መምህሩ ፕሮባቢሊቲን (የዕድል ስሌትን)፣ ሊኒየር አልጀብራንና የፉሪየር ትራንስፎርምን የመሰሉ የሒሳብ ዘርፎችን ተማሪው እንደሚያውቃቸው ቆጥሮ ትምህርቱን መጀመሩ ነው። ከምዝገባ በፊት ባሉት ወራት በየምሽቱ አንድ ሰዓት መድበው የመጀመሪያ ዲግሪ መጻሕፍትዎን ከነመልመጃቸው በእጅዎ እየሠሩ ይከልሱ፤ ማንበቡ ብቻ አይበቃም። ከሁሉ አስቀድመው የሚይዙት ፕሮባቢሊቲን ይሁን፤ የገመድ አልባ ቻናል ጥናትም ሆነ የትራፊክ (በኔትወርኩ የሚያልፈው የጥሪና የመረጃ መጠን) ስሌት የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። የስልክ ትራፊክን ስሌት የመሠረተው ዴንማርካዊው ኤርላንግ ራሱ የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ሠራተኛ እንደነበረ ስናስብ፣ ሥራና ምርምር በዚህ ሙያ ውስጥ ከጥንት አብረው የኖሩ መሆናቸውን እንገነዘባለን።

ስለ ተቋም ምርጫ ብዙ አንልም። አምስት ኪሎ የሚገኘው፣ ቀድሞ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተቋም በዚህ ዘርፍ የኢትዮ ቴሌኮምን ባለሙያዎች ሲያስተምር ቆይቷል። የማመልከቻውን ጊዜ፣ የአገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናና የክፍለ ጊዜውን አመዳደብ ከሬጅስትራር በቀጥታ ይጠይቁ። ፈረቃ ካለብዎ፣ የክፍል ሰዓቱን ካወቁ በኋላ ከቅርብ አለቃዎ ጋር በጽሑፍ መስማማት ይበጃል።

አብዛኛው ሠራተኛ ተማሪ የሚዘገየው መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው። ኮርሱ መርሐ ግብር አለው፤ ጽሑፉ ግን ለነገ ሲባል ዓመት ይበላል። የእርስዎ ትልቁ ሀብት በየቀኑ የሚያዩት እውነተኛ ኔትወርክ ስለሆነ፣ የምርምር ጥያቄዎን ከዚያው ያውጡት፤ ለምሳሌ በአንድ ክፍለ ከተማ በሥራ መውጫ ሰዓት የሚጨናነቁ ሳይቶችን (የአንቴና ጣቢያዎችን) ጭነት አስቀድሞ መተንበይ፣ ወይም ሌሊት ትራፊክ ሲቀንስ አገልግሎቱን ሳይጎዱ የመሣሪያዎቹን የኤሌክትሪክ ፍጆታ መቀነስ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ መረጃው የኩባንያው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ርዕሱን ለአማካሪዎ ከማቅረብዎ በፊት የትኛውን መረጃ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ሁኔታ መጠቀም እንደሚችሉ የሚገልጽ የፈቃድ ደብዳቤ ከኩባንያው ይጠይቁ። የደንበኞች ስልክ ቁጥርና ማንነት የሚታወቅበት ማንኛውም መረጃ አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። ደብዳቤው በየክፍሉ ሲዘዋወር ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ጥያቄውን በመጀመሪያው ዓመት ማገባደጃ ላይ ቢያስገቡ የኮርስ ሥራዎን ሲጨርሱ መረጃው በእጅዎ ይገባል።