አሠልጥነን ጥለውን ይሄዳሉ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። አብዛኞቹ ሠራተኞቻችን ከሲዳማ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ማሽን አስለምደናቸው እጃቸው ሲፈታ ይለቃሉ። ሥራ አስኪያጁ «ለሌላ ሰው ነው የምናሠለጥነው። ወይ ሥልጠናውን አሳጥር፣ ወይ ውል አስፈርማቸው» ይለኛል። ሲለቁ የሚሞሉት ቅጽ አለ። ሁሉም «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለው ነው የሚጽፉት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሉን እርሳው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው። በዚያ ጊዜ ሠራተኛዋ ያለማስጠንቀቂያ መሄድ ትችላለች። ከዚያ በኋላም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ትወጣለች። ልቧ የሸፈተን ሰው በፊርማ አታስቀራትም።

ቅጹም ብዙ አይጠቅምህም። የሥራ ልምድ ወረቀቷን የምትጠብቀው ከእናንተ ነው። ታዲያ «አለቃዬ አስመረረችኝ» ብላ ትጽፋለች? «እናቴ ታማለች» ብላ በሰላም ትወጣለች። ወር ያህል ቆይቶ ሲዳሙ አፎ የምትናገር ሴት ትደውልላት። ያኔ እውነቱ ይወጣል። ብዙዎቹ ገንዘብ ይላሉ፣ ልክም ናቸው። ደመወዟ ላይ የቤት ኪራይና አስቤዛ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፋት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው የላይን ሱፐርቫይዘሮቻችሁን፣ የስፌት መስመር አለቆቹን ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፐርሶኔል ሆኜ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። እጇ የፈጠነችው ትሾማለች። ሰው እንዴት እንደሚያዝ ማንም አላሳያት። በጠዋት ኮታ ይሰጧታል፣ እሷም ያንኑ ጩኸት ወደታች ታወርደዋለች።

አንድ ቀን ወለሉ ላይ ቆመህ መርፌ ሲሰበር እይ። እንደምታውቀው ስብርባሪው አንድም ሳይቀር ተለቅሞ መዝገብ ላይ ካልተለጠፈ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ልጅቷ ማሽኑ ሥር ተንበርክካ ትፈልጋለች፣ ከኋላዋ ሥራው ይከመራል። ሱፐርቫይዘሯ ጎንበስ ብላ አብራት ትፈልጋለች? ወይስ «ደግሞ ሰበርሽ? እጅሽን ምን ነካው?» ትላለች? እንዲህ የተባለች ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ስባሪውን ትደብቃለች። ስባሪው ሸሚዝ ውስጥ ገብቶ ባሕር ይሻገራል፣ ገዢው ጭነቱን ይመልሳል። ለሥራ አስኪያጁ ይህን ንገረው። ስለ ክብር ከምታወራው ቶሎ ይገባዋል።

ስለዚህ የልጆቹን ሥልጠና አታሳጥር፣ የሱፐርቫይዘሮቹን ጨምር። ስሕተት እንዴት እንደሚታረም፣ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ እንዴት እንደሚነገር፣ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ይለማመዱት። አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚሰጠው ሥልጠና ለሻይ ዕረፍቱ ካልሆነ አይጠቅምም።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላም አለ። ቀኑን ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ነው የሚቆርጡት። ልጆቹ አገር ቤት መሄዳቸው አይቀርም። ቀኑ እንደታወቀ ፈቃዱን በተራ ደልድሉት። አለዚያ ሄደው ይቀራሉ፣ እናንተም «ጠፋች» ብላችሁ ትሰርዛላችሁ።

በመጨረሻ፣ ሦስት ዓይነት ማሽን የቻለች ልጅ ስንት ብር ይጨመርላታል? በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ጽፈህ መግቢያው ላይ ለጥፈው። ጭማሪው ካልጸደቀ ግን እንዳትለጥፍ።