ኤች ወይስ ኤክስ? ስለ ጭስ ማውጫ ማገናኛ ቱቦ ጥያቄና መልስ

ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ ሞተር ከግራና ከቀኝ ወገኑ የሚያወጣው ጭስ በሁለት ቱቦ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሁለቱን መሐል ላይ የሚያገናኘው ቱቦ እንዴት መሠራት እንዳለበት ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ እሰጣለሁ። በብዛት የሠራሁት በአሜሪካ መኪናዎች ላይ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከእነዚያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ቱቦዎች የየራሳቸው ማርሚታ ካላቸው መገናኘታቸው ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ምክንያቱ ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ተራ ነው። በቀድሞው ትንሹ የሸቭሮሌ ቪ8 ተራው 1-8-4-3-6-5-7-2 ሲሆን፣ ጎዶሎዎቹ በግራ፣ ሙሉዎቹ በቀኝ ይገኛሉ። እንግዲህ 5 እና 7 በግራ፣ 8 እና 4 ደግሞ በቀኝ፣ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) 90 ዲግሪ ብቻ እንደዞረ ተከታትለው ይተኩሳሉ፤ በሌላ ጊዜ ግን በዚያው ወገን ያለው ክፍተት እስከ 270 ዲግሪ ይሰፋል። አንዱ ቱቦ ሲጨናነቅ ሌላው ይዝናናል ማለት ነው፤ ማገናኛው የተጨናነቀው ግፊት ወደ ባዶው እንዲተነፍስ በር ይከፍትለታል። የአሜሪካ ቪ8 የሚታወቅበት ጉርምርምታም የሚመነጨው ከዚሁ ካልተስተካከለ አተኳኮስ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከኤች እና ከኤክስ ቅርጽ ማገናኛ የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ በኤች ቅርጽ ሁለቱ ቱቦዎች ቀጥ ብለው ያልፋሉ፤ አንድ አጭር አግዳሚ ቱቦ ብቻ ያያይዛቸዋል። ግፊቱ ይሸጋገራል፣ ጭሱ ግን በአብዛኛው በራሱ መንገድ ይቀጥላል፤ ድምፁም ወፍራምና ጎርናና እንደሆነ ይቆያል። ኤክስ ሁለቱን ጅረቶች አገናኝቶ ስለሚለያቸው ምቱ ይስተካከላል፣ ድምፁም ቀጠን ብሎ ይሾላል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ኤክስን እመርጣለሁ። ለመንገድ መኪና ግን የኃይሉ ልዩነት ትንሽ በመሆኑ ጆሮዎና ከመኪናው ሥር ያለው ቦታ ይወስኑልዎ። ማገናኛ በመቀየር ብቻ ብዙ የፈረስ ጉልበት አገኘሁ የሚለኝን ሰው፣ በዚያው ቀን ሌላ ምን እንደቀየረ እጠይቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ አግዳሚው ቱቦ በየትኛው ቦታ ላይ ይበየድ?

መልስ፦ የቆየ ዘዴ አለ። ሁለቱን ቱቦዎች ያለ ማገናኛ ይግጠሙ፣ ከሄደሩ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ የሚያወጣው የቱቦ ስብስብ) መጨረሻ ጀምሮ ተራ ቀለም ይቀቡና ሞተሩን በጭነት ያሠሩት፤ ቀለሙ የተቃጠለበት የመጨረሻው ወሰን ለአግዳሚው ጥሩ ምልክት ነው። ፍጹም ባይሆንም በግምት ከመበየድ ይሻላል። ኤክስ ግን ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ሄደሩ ይቅረብ፤ ብዙውን ጊዜ የሚከለክለው ካምቢዮውን የሚሸከመው መስቀለኛ ብረት ነው።

ጥያቄ፦ የኦክስጅን ሴንሰሩስ?

መልስ፦ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለኩት የሁለቱም ወገን ሴንሰሮች ከማገናኛው በፊት መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ ኮምፒዩተሩ የግራውን ነዳጅ በቀኙ ጭስ ያስተካክላል። ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ከተፈጠረም አየር ገብቶ ሞተሩ ነዳጅ ያነሰው ያስመስለዋል። አሜሪካ የምትኖሩ ካታሊስቱን (የጭሱን ብክለት የሚቀንሰውን ዕቃ) አትንኩ፣ መንቀሉ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ማገናኛውን ከካታሊስቱ በኋላ ሥሩት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ለኮሮላዬ ማገናኛ ላሠራ አስቤ ነበር።

መልስ፦ አራት ሲሊንደር፣ አንድ ቱቦ፤ የሚገናኝ ነገር የለም። የላንድ ክሩዘር "ቪ ኤይት" ባለቤትም ቢሆኑ፣ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ወደ አንድ ቱቦ ከገቡ መልሱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ማገናኛውን በያጁ በቀጥታ ከቱቦዎቹ ጋር ይበይደው?

መልስ፦ አይበይደው። ከፊትና ከኋላው በቡሎን የሚፈታ ፍላንጅ ወይም ክላምፕ ያስገጥሙ፣ ምክንያቱም ካምቢዮውን ማውረድ ሲያስፈልግ ማገናኛው መንገድ ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሥራዬን ያወረድኩት በግራይንደር ቆርጬ ነው።