ብሩን ለአልትራሳውንድ ከማዋላችሁ በፊት

ሰላም ወንድሜ። «ለትውልድ ቀበሌያችን እናቶች ገንዘብ አዋጥተናል፤ ለጤና ጣቢያው አልትራሳውንድ ብንገዛ ምን ትላላችሁ?» ብለህ ጠይቀሃል። ምስራቅ ጎጃም፣ ጮቄ አካባቢ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ለዓመታት በአዋላጅነት ስለሰራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

አልትራሳውንድ ጥሩ ነው። ግን የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ሲበላሽ ደግሞ ጠጋኝ ይፈልጋል። ካርቶኑ ሳይከፈት አቧራ የጠጣ ማሽን አይቻለሁ። እኔ ብሆን ብሩን የእናቶች ማቆያው ላይ ነበር የማውለው።

ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምትሰነብትበትን ክፍል ማለቴ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ክፍሉ አለ፤ ሰው ግን የለበትም። ለምን እንደሆነ እናቶቹን ጠይቃቸው። «ምን በልቼ ልቀመጥ? ልጆቼን ማን ያያል? ከብቱስ?» ይሉሃል። «ግንዛቤ የላቸውም» የሚለው የስብሰባ ወሬ ለእኔ አይዋጥልኝም። ሴትዮዋ ሂሳቧን ሰርታ ነው የቀረችው። ሁኔታው ሲመቻች እንደሚመጡማ ታይቷል፤ በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የሚወልዱት እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26 ነበሩ፣ በ2019 48 ደረሱ።

ስለዚህ የገብስ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ቡና፣ ማገዶ፣ ንጹህ ፍራሽና ብርድ ልብስ ግዙ። አብራት የምትሰነብተው እናቷ ወይም አማቷም ትብላ። ማድቤት ይኑር፣ ገንፎው እዚያው ይገንፋ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ገንፎ የማይበላበት ቦታ መውለድ ለእኛ አገር ሴት ይከብዳታል። ደግሞ አማት ደስ ብሏት ከተመለሰች ከማንኛችንም በላይ ሰፈሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እቤት ለቀሩት ልጆች እድሩን አነጋግሩ፤ ለቅሶ ላይ የሚተጋገዝ ሰው ለዚህ አይሰንፍም።

አምቡላንስ አለ ብላችሁ አትዘናጉ። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ይሞላል፣ መኪናው ጥርጊያው ላይ ቆሞ ይቀራል፣ እስከዚያ ድረስ ያው ቃሬዛ ነው። አሁን ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ የሌሊት ጉዞ አይታሰብም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ወንዝ እስኪጎድል አይታገስም። ምጥ ሳይጀምራት ጤና ጣቢያው ግቢ መገኘቷ ነው የሚያድናት።

ደሙን ለመከላከል ልጁ እንደወጣ የሚወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል፣ መድኃኒቱም ጉልበት ያጣል። ዕቃ መግዛት ካማራችሁ በሶላር የሚሰራ ፍሪጅ ግዙ።

ወደ ሕፃኑ ስንመጣ፣ የጮቄን ብርድ ታውቀዋለህ። ልጁ እንደተወለደ ይደርቃል፣ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይደረጋል፣ ከዚያ በላዩ ጋቢ። ገላውን ማጠብ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ትንሽ ልጅ ከሆነ ቀንም ሌሊትም እዚያው ደረቷ ላይ ይቆያል። እንገሩን አስደፍተው ቅቤ የሚያስውጡ አያቶች አሁንም አሉ። መቆጣት አያዋጣም። «እማማ፣ እትብቱን ቅቤ አይንካው፤ ይሄን እርስዎ ይቀቡልን» ብለህ እትብቱ እንዳያመረቅዝ የሚቀባውን የክሎርሄክሲዲን ቅባት በእጃቸው ስታስይዛቸው ሰባቱንም ቀን ሳያጓድሉ ይቀባሉ።

በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከሚሞቱት ሕፃናት ሦስት አራተኛ ያህሉ የመጀመሪያውን ሳምንት አይሻገሩም። አራሷ ግን ባሏ በቅሎ ይዞ ውጭ ስለቆመ 24 ሰዓት ሳይሞላት ትወጣለች። እህልና አልጋ ካለ ትቆያለች። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እቤቷ ሄዳ የምታያት የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት፤ ለእሷም ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የስልክ ካርድ ጨምሩ። ስለ እሷ የሚያስብ ሰው ብዙ አላየሁም።

ገንዘቡን በአንዴ አትላኩት። እህሉ በየወሩ ከገበያ ይገዛ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እድሩ በሚመርጣቸው ሴቶች እጅ ይሁን። ከጤና ጣቢያው ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ኃላፊ ሲቀየር ነገሩ ይረሳል። ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ብትጀምሩት ይሻላል።